ሁለት ጣቶች

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ የኔ ጌታ? ሚስትህ ቴሳስ እንዴት ናት? ያቺ ጥርስ አወጣች የተባለችውስ ልጃችሁ ጆሲ? እኛ ደህና ነን። አባትህ ይበላል፣ ይተኛል፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይጨቃጨቃል። እኔም ደህና ነኝ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው መሬት ቢመስልብህ አትሳቅብኝ፣ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሃለሁ። ዘንድሮ ብርዱ የት እንደገባ አናውቅም። የጥር ወር እየተጋመሰ አንድ ቀን እንኳ በረዶ አልጣለም፣ ወንዙም አልረጋም። አባትህ በየጠዋቱ መስኮቱ ጋ ቆሞ «አካፋዬን ማን ወሰደው?» ይለኛል። የሚጠረግ በረዶ የለም ስለው የማታልለው ይመስለዋል።

ኮሌጅ ከገባህ ጀምሮ ከጨዋታ በፊት የምልክልህን ደብዳቤ ቅዳሜ ማታ ሆቴል አልጋህ ላይ ተጋድመህ እንደምታነበው አውቃለሁ። ሁልጊዜ የምጽፍልህ ወሬ ነው፤ የማን ድመት እንደጠፋች፣ ቄሱ ስብከት ላይ ማንን እንደነኩ። የዛሬው ግን ወሬ አይደለም። የአባትህን የድሮ የቡድን ጓደኛ ክላረንስን በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ስልክ ብደውል «እማዬ ደህና ነኝ» ትለኝና ስልኩን ለቴሳ ታቀብላታለህ። ይህን ግን ለማንም ማቀበል አትችልም፣ በስምህ የተላከ ነው።

ሳላዟዙር ልንገርህ። እሁድ እንዳትጫወት እፈልጋለሁ።

አውቃለሁ፣ አሁን ወረቀቱን ደረትህ ላይ ጥለህ ጣሪያውን እያየህ ነው። አንሳውና ጨርሰው። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ መሆኑን አልረሳሁም። ጨዋታው አባትህም በዚሁ በአሜሪካ እግር ኳስ ሲጋጭ ጉልበቱን ባፈሰሰበት ከተማ መሆኑንም አልረሳሁም። ሦስቱን የስታዲየም ትኬቶች የላክህልን ዕለት አባትህ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ጨፍሯል። የድሮ ጃኬቱን፣ ያንን እጅጌው ላይ ስድሳ አራት ቁጥር የተሰፋበትን፣ ከሳጥን አውጥቶ ወጥ ቤት በር ላይ ሰቅሎታል። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ይዳስሰዋል። «ዛሬ እሁድ ነው?» ይለኛል። አይደለም ስለው «ጥሩ፣ ጊዜ አለን» ይላል።

ባለፈው እሁድ ጭንቅላትህ ላይ ስትመታ እያየሁህ ነበር። ከወደቅክ በኋላ ልትነሣ እጅህን ወደ ሳሩ ስትዘረጋ፣ ሳሩ እጅህ ከገመተው በላይ ርቆብህ ነበር። ሌላው ሰው ያንን ያየ አይመስለኝም። እኔ ግን እዚያች ሰማያዊ የሐኪሞች ድንኳን አስገብተው እስኪመልሱህ ድረስ ከወንበሬ ተነሥቼ ቆሜ ነበር። አባትህ «ቁጭ በይ፣ ያመዋል እንጂ አልተሰበረም» አለኝ።

ሰኞ ደወልክና ጆሲ የመጀመሪያ ጥርሷን አወጣች አልከኝ። ደስ አለኝ፣ ተሳሳቅን። ረቡዕ ደወልክና የሐኪሞቹን የጭንቅላት ፈተና አለፍኩ፣ እሁድ እገባለሁ አልከኝ። ከዚያ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ጆሲ ጥርስ አወጣች» አልከኝ። እኔም እንደ አዲስ ደስ አለኝ። ቴሳ ደግሞ ስልኩን ስትቀበልህ ቤቱ ውስጥ መጋረጃ ከተከፈተ ቀናት እንዳለፉት ነገረችኝ። ብርሃን አልወደድክም አሉ።

ፈተናውን እንዴት እንዳለፍክ አውቃለሁ። ሐምሌ ላይ ከአባትህ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጣችሁ ነበር፣ እኔ ከሽቦ ወንፊቱ በር ወዲህ ባቄላ እለቅማለሁ። «ቀላል እኮ ነው» አልከው። «የውድድሩ ዘመን ሳይጀምር ጤነኛ ሆነህ ሳለ ይፈትኑሃል፣ በኋላ ስትመታ ከዚያ ጋር ነው የሚያስተያዩት። ሆን ብለህ ትሳሳትና ደደብ ትመስላቸዋለህ። ስትመታ ያው ደደብ ነህ። ልዩነቱን ማን ያያል?» አባትህ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። «ገስ በሕይወት ቢኖር ረዳቱ አድርጎ ይቀጥርህ ነበር» አለህ። እኔም ቀልድ መሰለኝና ባቄላዬን ይዤ ገባሁ።

ስለ ገስ የሰማኸው ሁሉ ከአባትህ አፍ ስለሆነ እኔ የማውቀውንም ልጨምርልህ። ገስ የአባትህ ቡድን ወጌሻ ነበር፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ለገና ለልጆች ሁሉ ካልሲ ይገዛል። ተጫዋች ሜዳ ላይ ሲዘረር ይንበረከክና ሁለት ጣቱን ያሳያል። ሁልጊዜ ሁለት ነው። ሦስትም አንድም አሳይቶ አያውቅም። አዲስ ተጫዋች ቡድኑ ውስጥ ሲገባ ከጨዋታው ስልት በፊት የሚማረው ይህንን ነበር። «ስንት ነው?» ይላል ገስ። «ሁለት።» «ግባ።» ክላረንስ ራሱ እንደሚለው አንድ ዓይኑ እንደ ተጨፈነ «ሁለት» ብሎ ገብቷል። ከዚያ ደግሞ አሰልጣኙ አለ፤ የሱ ጥያቄ አንድ ብቻ ናት፤ «ያምሃል ወይስ ተሰብረሃል?» ሁሉም «ያመኛል» ይላል። «ተሰብሬያለሁ» ያለ ሰው ገላውን ታጥቦ ሳይወጣ ቁም ሳጥኑ ለሌላ ይሰጥበት ነበር። ሰዎች ይህን ጀግንነት ይሉታል። ጀግኖችም ነበሩ፣ አልክድም። ግን እኔ ከአንዱ ጋር አንድ አልጋ ላይ ስለምተኛ፣ ግማሹ ፍርሃት እንደነበር አውቃለሁ።

ዛሬማ ሁሉ ነገር ተለውጧል። ድንኳኑ አለ፣ የተንገዳገደ ተጫዋች ካለ ብሎ ከላይ ከሰገነት ሆኖ የሚከታተል ሰው አለ፣ ከቡድኑ ደሞዝ የማይቀበል ሐኪም አለ። ያን ሁሉ ሳይ እፎይ ብዬ ነበር፣ ልጄን የሚጠብቅልኝ ሰው በዛ ብዬ። በአባትህ ጊዜ ወጌሻው ነበር ተጫዋቹን የሚሸውደው። በእናንተ ጊዜ ደግሞ ወጌሻው እውነቱን ሲፈልግ እናንተ ትሸውዱታላችሁ። ገስ ሞቶ እንኳ ሥራውን የሚሠራለት አላጣም።

ያንን የዌስት ቨርጂኒያውን ታሪክ መቼም በልብህ ታውቀዋለህ። ክላረንስ በየግብዣው የሚያወራውን ማለቴ ነው። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ነበር፣ አባትህ ከእረፍት በፊት ተመታ፣ ገስ ሁለት ጣቱን አሳየው፣ ተመልሶ ገብቶ እስከ መጨረሻው ተጫወተ፣ አሸነፉ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው። እኔ ገና ሙሽራ ነኝ። ወደ ቤታችን የሚያስገባውን መታጠፊያ አለፈው። እራት ሊጋብዘኝ፣ ድንገት ደስ ሊያሰኘኝ መስሎኝ ከንፈሬን ቀለም መቀባት ጀመርኩ። ነዳ፣ ነዳ፣ ጎረቤት ግዛት ዌስት ቨርጂኒያ ገባን። አንድ ነዳጅ ማደያ ጋ አቆመና በጣም በትሕትና «ይቅርታ፣ የማን ቤት ነው የምንሄደው?» አለኝ። ክላረንስ እዚህች ላይ ሲደርስ አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳል። ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው አባትህ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፣ የከንፈር ቀለሙን ታሪክ የጨመርኩለት እኔ ነኝ።

አንድ ዓመት ክላረንስ ያንኑ አወራ፣ ሰው ሳቀ፣ አባትህም ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ምስኪን ሰውዬ፣ ማን ነው እሱ?» አለኝ። ክላረንስ ሰምቶታል። ከዚያ ወዲህ ያንን ታሪክ አንድም ቀን አላነሣውም። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ከአባትህ ጋር ካርታ ይጫወታል፣ ይሸነፍለታል።

አባትህ ደህና ቀን አለው። ጠዋት ጠዋት ከማንኛችንም ይሻላል። የአንተን ቡድን ጨዋታ ሲያይ ማን ማንን መግፋት እንደነበረበት፣ ማን እግሩን እንዳሳሳተ አስተያየት ሰጪዎቹ ሳይናገሩ ይነግረኛል። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ግን ይርቃል። አንዳንዴ ወጥ ቤት መሃል አንድ እጁን መሬት ላይ ተክሎ ያጎነብሳል፣ እንደዚያ እንደ ድሮው። ኳስ ወርዋሪው ከኋላው አለ፣ ከፊቱ ሊመጡበት ነው፣ ማንንም እንዳያሳልፍ ነው የታዘዘው። በዚያ ሰዓት ቤታችን ቤታችን አይደለም። ስለዚህ ከኮሪደሩ ሆኜ «ሌን፣ እኔ ነኝ፣ ኢርማ» እላለሁ፤ ቀስ ብሎ ቀና ይላል፣ ያየኛል፣ «ምሳ ደረሰ?» ይለኛል። በዚህ መንገድ ደህና ተላምደናል። ማክሰኞ ዕለት የታጠበ ልብስ እስከ አገጬ ታቅፌ ስለነበር ሳልጠራው ገባሁ።

ስለ ጽሑፌ እነግርሃለሁ ብዬ ነበር። ማክሰኞ ደጃፋችን ላይ በረዶ አዳለጠኝና የቀኝ እጄን ትንሿን ጣት ጎዳሁ። ይህን ያህል የሚወራ ነገር አይደለም። እቃ ማጠቢያው ጋ ቆሜ ቀዝቃዛ ውሃ ሳፈስባት አባትህ መጣ። አየኝ። እጄን ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፣ ከመሳቢያው ያንን የድሮ ነጭ ፕላስተሩን አወጣ። የሸሚዝ ቁልፉን እኔ ነኝ የምቆልፍለት፣ ታውቃለህ። ያ እጅ ግን አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። በጣቶቹ መሃል ጥጥ አደረገ፣ የተጎዳችውን ከአጠገቧ ካለችው ጋር አጣብቆ ጠቀለላት፣ ፕላስተሩን በጥርሱ ቆረጠው፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ አለሰለሰው። ሜዳ ዳር የስንቱን ጣት እንዲህ እንዳሰረ ድሮ ሲያወራኝ ጉራ ይመስለኝ ነበር። «ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ትገቢያለሽ» አለኝ።

ከዚያ ፊቴን ትኩር ብሎ አየው። ቆጣ አለ። «ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ? የመለያ ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ፣ እኔ አገኘዋለሁ» አለኝ። ጃኬቱ ከትከሻው ኋላ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ቁጥሩን አላየሁትም አልኩት። ግንባሬን ሳመኝና እንባዬን በመዳፉ ጠረገልኝ። ያመመኝ መሰለው።

ዛሬ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ሐሙስ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ለሽያጭ የሚሆን ፒሮጊ፣ ያንን የሚቀቀል የሊጥ ጥቅል፣ ልንሠራ ሄድኩ። ድንቹንና አይቡን ከትቶ የሊጡን ጠርዝ ቆንጥጦ መዝጋት የኔ ሥራ ነበር፤ በዚህች እጅ ግን የቆነጠጥኩት ሁሉ ውሃ ውስጥ ሲገባ አፉን ከፈተ። ሴቶቹ ምን ሆንሽ አሉኝ። በረዶ አልኳቸው። አንዷ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ፀሐይ ነበር። ሽንኩርት ወደምጠብስበት አዛወሩኝና ደግ ደጉን አወሩኝ። እንዲህ ሲያዝኑልኝ አልወድም፣ አንተም በዚህ እኔን ነው የምትመስለው።

ክላረንስ ያዘዘውን ፒሮጊ ሊወስድ መጣ። ያ ወሬኛ ሰውዬ ዛሬ ፕላስተሩን ብቻ ነው የሚያየው። «ይህ የሌን እጅ ሥራ ነው» አለኝ። «ነው» አልኩት። «ያምሻል ወይስ ተሰብሯል?» አለኝ። ያመኛል ብቻ አልኩት። ሌላ ምን ልበለው፣ ዕድሜ ልኬን የተጫዋች ሚስት ነኝ። «ኢርማ፣ ዘንድሮ በረዶ የት አገኘሽ?» አለኝ። ካርቶኑን አቀበልኩትና «ተረኛ» አልኩ። ከኋላው ሰው አልነበረም። አልሄደም። እጄን ያለ ፈቃዴ ያዘና የጣቴን ጫፍ ተጭኖ ፊቴን አየ። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቶ ስልክ ደወለና ለሰኞ የአጥንት ሐኪም ቀጠሮ ያዘልኝ። አባትህን ሰኞ እሱ ይጠብቅልኛል።

ልጄ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ይህ ይደርስብሃል፣ ያ ይደርስብሃል እያልኩ አላስፈራራህም። ያንን ጋዜጣውም ይጽፈዋል፣ አንተም አንብበህ ገጹን ታልፈዋለህ። ሰው በሠላሳ ዓመቱ የሰባ ዓመት ጭንቅላቱን ማሰብ አይችልም። እኔ የማስበው ሌላ ነው። ቴሳ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቷ ከመግባቷ በፊት ስሟን መናገር እንዳለባት ብትረሳስ እላለሁ። የታጠበ ልብስ ብትታቀፍስ? ጆሲ ትንሽ ልጅ ናት፣ ልጅ ደግሞ ሳይጠራ ነው የሚሮጠው።

አባትህ ላይ ክፉ እንዳታስብ። ይህን በጉልበቴ ተንበርክኬ እለምንሃለሁ። አንተን ሲያቅፍህ እንቁላል የያዘ ይመስል እንደነበር አስታውስ። በስተርጅናዬ ወልጄህ ሌሊት ሌሊት ስታለቅስ እነዚያ የተጣመሙ ጣቶቹ ናቸው ወገብህን መታ መታ እያደረጉ ያስተኙህ። እሱ ማንንም የመጉዳት ሰው አይደለም። እኔን ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚወድ ሰው ነው፣ ዛሬም ይወደኛል፤ ማን እንደሆንኩ በጠፋው ሰዓት እንኳ ለዚያች ለማያውቃት ሴትዮ ወንበር ይስብላታል።

ስለዚህ ይህን አንብበህ እንደጨረስክ ሐኪሙን ፈልገው። ሐምሌ ላይ የተፈተንኩት ውሸት ነው በለው። ይቆጡሃል። ሊቀጡህም ይችላሉ። ቦታህን ለዚያ ለተጠባባቂህ ለወጣቱ ሊሰጡት ይችላሉ፣ ከሰጡትም ላይመልሱልህ ይችላሉ። ይህን ሳላስብ አልጻፍኩልህም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነው። ከልጅነትህ ጀምሮ ሌላ ነገር ፈልገህ አታውቅም። ነፍሴ፣ የምጠይቅህ ነገር ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

እሁድ ደግሞ ከእኛ ጋር ሰገነት ላይ ተቀመጥ። የእኔን ወንበር ውሰድ፣ ከአባትህ ቀኝ ነው። ጨዋታውን ሁሉ ያስተምርሃል፣ አንተ የማታውቀውን እንኳ። ሲጨንቀው እጅጌህን ይይዛል፣ ይያዝህ። ለምን አትጫወትም ካለህ አታመንታ፤ «ተሰብሬያለሁ» በለው። በዕድሜው ያችን ቃል ተናግሮ ቦታው የቀረለት ሰው አላየም። ይቆጣ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ዛሬ ግን ጃኬቱን ስቦርሽ ኪሱ ውስጥ አዲስ ጥቅል ፕላስተር አገኘሁ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው «ልጁ ካስፈለገው ነዋ» አለኝ።

የሰኞው ሐኪም ጣቴን አገላብጦ ካየ በኋላ እንዴት እንደተጎዳች መጠየቁ አይቀርም። ምን እንደምለው አልወሰንኩም። ሰው ቢያውቅብን አባትህን ከቤት ይወስዱብኛል ብዬ እፈራለሁ፣ አንተም ቦታህን እንደምትፈራው። አንተ መጀመሪያ ለሐኪምህ ተናገር። አንተ የተናገርከውን ያህል እኔም ለእኔው ሐኪም እናገራለሁ። ከዚህ ያነሰ ቃል ልሰጥህ አልችልም፣ ከዚህ የበለጠ ጉልበትም የለኝም።

ጆሲን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። ለቴሳ መጋረጃውን ቀስ ብላ ከአንድ ወገን ትክፈተው በላት። ቸሩ አምላክ ከፊትህ ከኋላህ ይሁን፤ ልጅህ «አባባ» ስትልህ ለመስማት፣ የሰማኸውንም እስከ ሽምግልና ለማስታወስ ያብቃህ። ሁለት ጣቶቼ እንደ ታሰሩ አቅፌሃለሁ።

ሰው ሁሉ ሲጠይቃት ደህና ነኝ የምትለው
እናትህ